በሳምንት አንዴ፦ ኑሮን የሚያቀሉ ትናንሽ ልማዶችን ደረጃ በደረጃ ለመጀመር

ስለ ልማድ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ስለ ዕለታዊ ልማድ ነው። በየቀኑ በጠዋት ተነሱ፣ በየቀኑ አንብቡ፣ በየቀኑ ስፖርት ሥሩ ይባላል። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን "በየቀኑ" የሚባል ነገር ሲበዛ ቀኑ ይጨናነቃል፣ ሰውም ይሰለቻል። ሁለት ቀን ከዘለለ ደግሞ "ይሄ ለኔ አይሆንም" ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

የኑሮ ጣጣ ግን አብዛኛው ዕለታዊ አይደለም። የሚከፈል ሂሳብ በየቀኑ አይመጣም። አንሶላ በየቀኑ አይታጠብም። የድሮ ጓደኛ ጋር በየቀኑ አይደወልም። እነዚህን ነገሮች ለጥቂት ቀናት ባትነኳቸው ምንም አይሆኑም። ለወር ከተረሱ ግን ተከምረው ይጠብቋችኋል። ለነሱ ልኩ ሳምንት ነው።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ልማዶች፣ ከአካል እንቅስቃሴው በስተቀር፣ ሁሉም ቢደመሩ ሁለት ሰዓት አይሞሉም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግን አትጀምሩ። በቅደም ተከተል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ የሚያማርራችሁን ለቅማችሁ ጻፉ

ለአንድ ሳምንት ምንም ነገር አትለውጡ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱ፣ ወይም ቁራጭ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። በቀን ውስጥ "ኤጭ!" ያሰኛችሁን ነገር ሁሉ በአንድ መስመር ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

ቁልፍ ስፈልግ ረፈደብኝ።
ቻርጀር ቤት ረሳሁ።
የክፍያው ቀን አልፎ ቅጣት ተጨመረበት።
የምለብሰው ሸሚዝ አልታጠበም።
አክስቴ ጋር ሳልደውል ስንት ጊዜ ሆነ!
ቀጠሮው ነገ መሰለኝ፣ ለካ ዛሬ ነበር።

ምክንያቱን አትመርምሩ፣ መፍትሔም አትፈልጉ። መጻፍ ብቻ። ሳምንቱ ሲያልቅ ዝርዝሩን አንብቡና የተደጋገመውን አክብቡ። መጀመር ያለባችሁ ከሱ ነው።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን በጣም አስፈላጊ ነው እላለሁ። ሰው ልማድ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሲወራ ደስ የሚለውን ነው። መጽሐፍ ማንበብ፣ ቋንቋ መማር፣ ማለዳ መሮጥ። ሕይወቱን በየሳምንቱ የሚያደናቅፈው ግን የጠፋ ቁልፍና ያልታጠበ ሸሚዝ ሊሆን ይችላል። የሚያማርረው ነገር ሲቀል ለመጽሐፉም ጊዜ ይገኛል።

ደረጃ 2፦ አንዱን ምረጡ፣ ከዚያ አሳንሱት

"ቤት ማጽዳት" ልማድ ሊሆን አይችልም። የት እንደሚጀመርም የት እንደሚያልቅም አይታወቅም። "ቅዳሜ ጠዋት የሥራ ቦርሳዬን ባዶ አድርጌ፣ የማያስፈልገውን ጥዬ፣ የሚያስፈልገውን መልሼ እከታለሁ" ግን ልማድ ይሆናል። መጀመሪያው ይታያል፣ መጨረሻውም ይታያል።

ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። በጣም በደከማችሁበት ሳምንት እንኳ በ20 ደቂቃ ያልቃል? ማለቁስ በዓይን ይታያል? ለአንዱ እንኳ መልሱ አይደለም ከሆነ ሥራውን ከፍላችሁ ግማሹን ያዙ።

ደቂቃውን ስትገምቱ ከራሳችሁ ግምት ላይ ጨምሩ። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 1979 ላይ እንደጻፉት፣ ሰው አንድ ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ ሲያቅድ ከእውነታው አሳንሶ ይገምታል። ተመሳሳይ ሥራ ቀደም ሲል ዘግይቶበት እንኳ የዛሬው ቶሎ የሚያልቅለት ይመስለዋል። 10 ደቂቃ የመሰላችሁን 20 ብላችሁ ያዙት።

ደረጃ 3፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ቁረጡ

"በሳምንት አንዴ" ብሎ መተው የትም አያደርስም። ሰኞ "ገና ነው" ይባላል፣ ሐሙስ "ቅዳሜ አለ" ይባላል፣ እሑድ ማታ ደግሞ "በቃ በሚቀጥለው" ይሆናል።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ 1999 ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ነገር ቀላል ነው። ዓላማን ብቻ ከመያዝ ይልቅ "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ መቼና የት የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ሥራው እንዲፈጸም በጣም ይረዳል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በእጃችሁ ጻፉት፦ "ቅዳሜ ቁርስ በልቼ ሳህኑን እንዳነሳሁ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቦርሳዬን እከፍታለሁ።"

አሁን ስለ ሳምንታዊ ልማድ ልዩ የሆነውን ነገር ልናገር። ዕለታዊ ልማድ ከጊዜ በኋላ በራሱ ይሄዳል። ጥርሳችሁን ስትቦርሹ አታስቡበትም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ያደረጉት፣ 2010 ላይ የታተመ ጥናት አለ። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዕለታዊ ልማድ መርጠው ሞከሩ። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ እንደ ሰዉና እንደ ልማዱ ግምቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል።

ይህን ወደ ሳምንት አምጡትና አስሉ። በሳምንት አንዴ የሚደረግ ነገር 66 ጊዜ እስኪደጋገም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ሳምንታዊ ልማድ እንደ ጥርስ መቦረሽ ቶሎ ከእጅ ጋር አይላመድም ማለት ነው። "አሁንም እየረሳሁት ነው፣ ሰነፍ ነኝ" ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። የነገሩ ባሕርይ ነው። መፍትሔው ማስታወሱን ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ ለሌላ ነገር መስጠት ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው አላርም ነው። ስልካችሁ ላይ በየሳምንቱ እንዲደገም አድርጋችሁ ሙሉት። ስም ስጡት፤ "ቦርሳ" ብሎ የሚጮህ አላርም ዝም ብሎ ከሚጮህ ይሻላል።

ሁለተኛው አስቀድሞ በራሱ ከሚመጣ ነገር ጋር ማያያዝ ነው። ልብስ የምታጥቡበት ቀን አለ። የቤት አስቤዛ የምትገዙበት ቀን አለ። የሳምንቱን ሥራ ጨርሳችሁ ቤት የምትገቡበት ምሽት አለ። አዲሱን ልማድ ከዚያ ቀጥሎ አስገቡት።

ሦስተኛው ሰው ነው። አብሯችሁ የሚያደርግ፣ ወይም "አደረግሽው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ሌላ ማስታወሻ ብዙም አያስፈልግም።

ሳምንት አንድ ሌላ ጥቅምም አለው። ሄንግቸን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ 2014 ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጂም መሄድን የመሰለ ነገር ለመጀመር ይበልጥ እንደሚነሳሱ አይተዋል። አዲስ ዓመት በዓመት አንዴ ነው። አዲስ ሳምንት ግን ሁልጊዜ ቅርብ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳምንታዊ ቅኝት

ከሁሉም ልማዶች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ሌሎቹን ይዞ የሚያቆማቸው እሱ ነው። 30 ደቂቃ ይበቃል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና የቀን መቁጠሪያ ነው። ስልኩ ድምፁ ይጥፋ። ሰው የማያቋርጣችሁን ሰዓት ምረጡ፤ ለብዙ ሰው እሑድ ከሰዓት ወይም አርብ ከሥራ ከመውጣት በፊት ያለው ጊዜ ይመቻል።

መጀመሪያ ጭንቅላታችሁን አራግፉ። ለ10 ደቂቃ ያህል የሚያሳስባችሁን፣ ያልጨረሳችሁትን፣ ቃል የገባችሁትን ሁሉ ጻፉ። ትልቁንም ትንሹንም። ቅደም ተከተል አያስፈልግም። "የቧንቧው ጠብታ"፣ "ለሰላም መልስ"፣ "ፓስፖርት መታደስ"፣ "የልጁ ጫማ ጠቦታል"። እጃችሁ ሲቆም ወዲያው አትነሱ። ትንሽ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ቀን መቁጠሪያውን አውጡ። ያለፈውን ሳምንት ተመልከቱ፤ ከማን ጋር ተገናኛችሁ? "እልክልሃለሁ" ብላችሁ የቀረ ነገር አለ? ከዚያ ወደፊት ሁለት ሳምንት እዩ። አንድ ሳምንት ብቻ ማየት ችግር አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ጉዞ ካለ፣ ልብሱ መታጠብ ያለበት በዚህ ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ስታዩ ዝግጅት የሚፈልገው ነገር ቀድሞ ይታያችኋል።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ከጻፋችሁት ውስጥ እየመረጣችሁ እያንዳንዱን ወደሚሠራ ነገር ቀይሩ። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ወረቀቱ ላይ "ጥርሴ" የሚል ቃል አለ። ይህ ሥራ አይደለም፣ ጭንቀት ነው። ባያችሁት ቁጥር ያስከፋችኋል እንጂ ምን እንደምታደርጉ አይነግራችሁም። እንዲህ ብላችሁ ለውጡት፦ "ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለጥርስ ሐኪም ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ። ቁጥሩ ባለፈው የቀጠሮ ካርድ ላይ አለ፣ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው።" ማክሰኞ 4 ሰዓት ሲሆን ማሰብ አይጠበቅባችሁም። መሳቢያውን ከፍቶ መደወል ብቻ ነው።

ይህ ለምን ይሠራል? ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ 1927 ላይ ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሰው ካለቀ ሥራ ይልቅ የተቋረጠ ሥራ በአእምሮው እንደሚቆይ ጽፋ ነበር። ማሲካምፖና ባውማይስተር ደግሞ 2011 ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር ጨመሩ። ያላለቀ ሥራ አእምሮን ማወኩን እንዲተው ሥራውን መጨረስ ግድ አይደለም። መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ እቅድ ማውጣት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ቅኝቱን ስትጨርሱ ምንም ሳይሠራ ቀለል የሚላችሁ ለዚህ ነው።

ከዝርዝሩ ሦስት ነገር ምረጡ። ሦስት ብቻ። እነሱን በቀን መቁጠሪያው ላይ በሰዓታቸው አስገቡ። ሌላው በወረቀቱ ላይ ይቆይ፤ አይጠፋም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ታዩታላችሁ። ለአራት ሳምንት እያያችሁት ያለፋችሁት ነገር ካለ ግን ሁለት አማራጭ አለ፦ ወይ ከሦስቱ አንዱ ይሁን፣ ወይ ይሰረዝ። መሰረዝ ነውር የለውም። የማትሠሩትን ነገር እየተሸከሙ መዞር ድካም ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለፈው ሳምንት ያመሰገናችሁበትን ነገር እስከ አምስት ድረስ ጻፉ። ኤመንስና ማኩላው 2003 ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት በሳምንት አንዴ ይህን የጻፉ ሰዎች ችግራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ግን በደፈናው "ጤና፣ ቤተሰብ" ብላችሁ አትለፉ። "ሐሙስ ዝናብ ሲጥል ጎረቤቴ ልብሴን ከገመድ ላይ አነሳችልኝ" ዓይነቱ ይሻላል።

እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ ከሆነ ቅኝቱን ወደ መኝታ ሰዓት ማስጠጋት ትችላላችሁ። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ፣ 2018 ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉ ሰዎች የሠሩትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ደረጃ 5፦ የገንዘብ 15 ደቂቃ

ሳምንቱን ሙሉ የወጣውን ገንዘብ ተመልከቱ። በባንክ መተግበሪያ ወይም በደረሰኝ፣ እንደሚመቻችሁ። ለመቆጣጠር ሳይሆን ለማወቅ ነው የምታዩት። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የማታውቁት ወጪ አለ? የማትጠቀሙበት ነገር ግን በየወሩ የሚቆርጥ አገልግሎት አለ? በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሚከፈለው ምንድነው?

ካያችሁት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። አንድ አገልግሎት ሰርዙ፣ ወይም አንድ ክፍያ ፈጽሙ፣ ወይም ትንሽ ገንዘብ ወደ ቁጠባ አዛውሩ። በዚያ ቁጭታ በጀት ለማውጣት አትሞክሩ፤ በጀት ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። የትዳር ጓደኛ ካለ አብራችሁ እዩት። ስለ ገንዘብ በየሳምንቱ በሰላም ለ15 ደቂቃ ማውራት፣ በወሩ መጨረሻ ተጨቃጭቆ ከማደር በጣም ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቤት

አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ መለወጥ ጥሩ ልክ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ካለ በሙቅ ውኃ፣ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቢታጠብ አለርጂ የሚቀሰቅሱትን ጥቃቅን የአቧራ ተባዮች ይገድላል።

አስቤዛ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሪጁን ክፈቱ። ፊት ያለውን ወደ ኋላ፣ ኋላ የተረሳውን ወደ ፊት አምጡ። ተበስሎ የተረፈ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ቀን ነው፤ ፍሪጁም ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ የለበትም። ያለውን አይቶ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ አይገዛም።

ከዚህ ሌላ በሳምንት አንዲት ጥግ ብቻ ያዙ። አንድ መሳቢያ፣ ወይም ከበሩ አጠገብ ነገር የሚከመርበት ቦታ። 15 ደቂቃ ሙሉና ሲጮህ አቁሙ። ባያልቅም አቁሙ። ጀምሮ ቤቱን በሙሉ ገልብጦ ማታ ድረስ የሚደክም ሰው በሚቀጥለው ሳምንት መጀመር ያስጠላዋል።

ደረጃ 7፦ እንቅስቃሴን በሳምንት መቁጠር

የዓለም ጤና ድርጅት 2020 ላይ ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች የሰጠው ቁጥር ራሱ ሳምንታዊ ነው፦ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ። መካከለኛ ማለት እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ነው።

በሳምንት ስትቆጥሩ ነፃነት ታገኛላችሁ። 150 ደቂቃ አምስት ጊዜ 30 ነው፣ ሦስት ጊዜ 50ም ነው። ማክሰኞ ካመለጠ ሐሙስ ይካካሳል። ቀደም ባለው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቀጠለ አይቆጠርም ነበር፤ በአዲሱ ይህ ቀርቷል። ደረጃ መውጣትም፣ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድም ይቆጠራል። በቅኝቱ ሰዓት ያለፈውን ሳምንት ደምሩ። 60 ከሆነ የመጪው ግብ 150 አይሁን፤ 80 ይሁን። ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ደረጃ 8፦ በሳምንት አንድ ሰው

ይህኛው ለልቤ ቅርብ ነው። በብዙ ሰው ሕይወት ውስጥ በዝምታ የሚጎዳው ነገር ግንኙነት ነው። ሂሳብ ካልተከፈለ ቅጣት ይመጣል። ፍሪጅ ካልታየ ይሸታል። ጓደኛ ካልተደወለለት ግን ምንም ድምፅ የለም። ዓመታት ያልፉና "አሁን ብደውል ምን ይለኛል?" የሚባልበት ቀን ይመጣል።

በሃርቫርድ 1938 ላይ የተጀመረና የሰዎችን ሕይወት ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ሮበርት ዋልዲንገር እንደገለጸው፣ በ50 ዓመታቸው በግንኙነታቸው ይበልጥ የረኩት ሰዎች በ80 ዓመታቸው ይበልጥ ጤነኞች ነበሩ። ትዳር ብቻ አይደለም፤ ጓደኛም፣ ዘመድም፣ ጎረቤትም ይገባበታል።

አሠራሩ ይህ ነው። የ12 ሰዎች ስም ጻፉ። በየቀኑ የምታገኟቸውን ተዉ። የራቁትን፣ ስማቸው ሲነሳ ልባችሁ ሞቅ የሚለውን ጻፉ። በየሳምንቱ አንዱን ያዙ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ከላይ ጀምሩ። አንድ ሰው በዓመት አራት ጊዜ ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህ ግንኙነትን በሕይወት ለማቆየት ይበቃል።

ለታላላቆች ደውሉ። ድምፅ ይፈልጋሉ፣ የጽሑፍ መልእክት አይተካውም። ለእኩዮች መልእክትም ይሆናል። አጭር ይሁን፣ ግን አንድ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ይኑረው። ለምሳሌ፦ "ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው እንዳንተ እየተንከተከተ ሲስቅ ሰምቼ ትዝ አልከኝ። ደህና ነህ ወይ? ሲመችህ መልስልኝ፣ አትቸኩል።" ይህ ለማንም የማይላክ፣ ለሱ ብቻ የሆነ መልእክት ነው። "ሰላም፣ እንዴት ነህ" ብቻውን ሲመጣ ግን ሰው "ምን ፈልጎ ይሆን?" ብሎ ይጠብቃል።

በወቀሳ አትጀምሩ። "ጠፋሽ እኮ!" ሲባል የሚቀጥሉት አምስት ደቂቃዎች ማን እንደጠፋ በመከራከር ያልቃሉ። በረጅም ይቅርታም አትጀምሩ። በቀጥታ ወደ ናፍቆቱ ግቡ።

"አስቸግራቸው ይሆን?" የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቀራል። ፔጊ ሊዩና ባልደረቦቿ 2022 ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ድንገት ሲያስታውሷቸው ሌሎች ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አሳንሰው እንደሚገምቱ ታይቷል። ያልተጠበቀ ሲሆን ደግሞ ደስታው ይጨምራል። መልስ ካልመጣ አትቀየሙ፤ በሚቀጥለው ዙር ደግማችሁ ላኩ።

ደረጃ 9፦ ስልክና ፋይል

10 ደቂቃ ይበቃል። ስልካችሁ የጠየቃችሁን የደኅንነት ማሻሻያ ጫኑ። የደበዘዙና የተደጋገሙ ፎቶዎችን አጥፉ። ከዚያ አስፈላጊውን ነገር ሌላ ቦታ ገልብጡ። ባለሙያዎች 3፣ 2፣ 1 የሚሉት ሕግ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የልጆች ፎቶና የትምህርት ማስረጃ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ካለ፣ ስልኩ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ከዚህ ሌላ ምንም ባታደርጉ እንኳ እነዚህን ሁለቱን ገልብጡ።

ደረጃ 10፦ ሲያመልጥ

ያመልጣል። ልጅ ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሥራ ይደራረባል። በላሊ ጥናት ውስጥ አንድ ቀን መዝለል ልማዱ እንዳይተከል አላደረገም። ዋናው መመለስ ነው።

ያመለጠውን ሳምንት ለማካካስ ግን እጥፍ አትሥሩ። ሁለት ጥግ፣ ሁለት ጥሪ፣ አንድ ሰዓት ቅኝት ብላችሁ ከጀመራችሁ ልማዱ ዕዳ ይሆንባችኋል። ያለፈው አልፏል፤ የዚህን ሳምንት ብቻ አድርጉ። ለክፉ ሳምንት የሚሆን ትንሹን ቅርጽም አስቀድማችሁ ወስኑ። ቅኝቱ 30 ደቂቃ ካልተቻለ 5 ደቂቃ ይሁን፦ የመጪውን ሳምንት ቀጠሮ ማየትና አንድ ነገር መምረጥ። ጥሪው ካልተቻለ አንድ መስመር መልእክት።

በተከታታይ ሦስት ሳምንት ካመለጠ ግን ራሳችሁን ከመውቀስ ሰዓቱን መርምሩ። እሑድ ከሰዓት ሁልጊዜ እንግዳ የሚመጣበት ቤት ውስጥ እሑድ ከሰዓት የተቀመጠ ቅኝት አይሠራም። ሰዓቱን ቀይሩ። ቀይራችሁም እምቢ ካለ ምናልባት ልማዱ የእናንተ አይደለም። ልቀቁትና ሌላ ያዙ።

ደረጃ 11፦ ሁለተኛውን መጨመርና ቤተሰብን ማስገባት

የመጀመሪያው ልማድ ያለ ብዙ ትግል ለአንድ ወር ያህል ከሄደ ሁለተኛውን ጨምሩ። ከዚያ በፊት አትቸኩሉ። ሁለተኛው በሌላ ቀን ይሁን፤ ሁሉንም ቅዳሜ ላይ የከመረ ሰው ዕረፍቱን አጥፍቶ ሌላ የሥራ ቀን ነው የፈጠረው። ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ባይሆኑ ይመረጣል።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ሁሉንም ለብቻ አትሸከሙ። ሥራውን ስትከፋፍሉ ማስታወሱንም አብራችሁ ስጡ። "ንገሪኝና እሠራለሁ" የሚል ሰው ሥራውን ተቀበለ እንጂ ሸክሙን አልተቀበለም፤ ማሰቡና ማስታወሱ አሁንም በእናንተ ላይ ነው። ፍሪጁ የሱ ከሆነ ቀኑን እሱ ይምረጥ፣ አላርሙም በሱ ስልክ ላይ ይጩህ። ለልጆችም እንደ ዕድሜያቸው አንድ ነገር ስጧቸው፤ ትንሹ የራሱን ካልሲ ማጣመር ይችላል፣ ትልቋ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ማራገፍ ትችላለች። ሲጨርሱ የሠሩት እንደናንተ ንጹሕ ባይሆንም፣ እያዩ እንደገና አትሥሩባቸው።